ንባብ የሚከብደው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሲያስረዱት ቶሎ ይገባዋል፤ ሲያነብ ግን መስመር ይዘላል፣ ፊደል ይደባልቃል። «ሰነፍ ነው» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይዘልቀዋል?
— ወላጅ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ የገለጹት ከስንፍና ይልቅ ዲስሌክሲያ የሚባለውን የንባብ እክል ይመስላል። እክሉ ከአእምሮ ብስለት ጋር አይገናኝም። በቅድሚያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ችግሩ ከዚያም ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ማስረጃ ያሰባስቡ። የሚያስተምሩት መምህራን ምን እንደሚከብደውና ምን እንደሚረዳው በጽሑፍ ይስጡት፤ የሐኪም ወይም የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ምርመራ ካገኘም አብሮ ይያያዝ። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ በፊት ለትምህርት ቤቱ ያቅርቡ።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን እንዲደግፉ ያዝዛል። ይሁንና የንባብ እክል እንደ ዓይነ ስውርነት በግልጽ አይታይም፤ ልጅዎ ራሱ ካልተናገረ የሚያውቅለት የለም። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሌላ ቦታ ቢመደብ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉና ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ማስረጃውን ያቅርብ፤ ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና ትምህርቱን በስልክ የመቅዳት ፈቃድ ይጠይቅ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጫናው ድርብ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ጓደኛው እያነበበለት፣ እሱ ደግሞ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እያስረዳ ማጥናት ይልመድ። የትምህርት መስክ ሲመርጥም ንባብ ከሚበዛበት ይልቅ ተግባር የሚያመዝንበትን ያስብበት።