ወደ ባሌ፣ ወደ ሳነቴ አምባ ለምትወጪው ልጄ

ልጄ፣ ቀይ ቀበሮን በወጥመድ ሳትይዢ፣ በመድኃኒት ሳታስተኚ፣ ከዓይነ ምድሯና ከምትጠጣው ውኃ በሚገኝ ዲኤንኤ ኑሮዋንና ጤናዋን ማጥናት መቻልሽ ትልቅ ጸጋ ነው። ብቻ ዲኤንኤው ያላለውን አለ አትበዪ።

1. በመልክ አትፍረጂ። የእረኛው ውሻም ቀበሮዋ ባለፈችበት ያልፋል። የማን ዓይነ ምድር እንደሆነ ላቦራቶሪው ይለየው።

2. ትኩሱን ሰብስቢ። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ዲኤንኤን ይሰባብራል። ናሙናውን ወዲያው አልኮል ውስጥ ክተቺ ወይም በሲሊካ ጄል አድርቂ። ጓንትሽን አትርሺ፤ ዓይነ ምድሩ ውስጥ ሰውን የሚያሳምም የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል።

3. እጅሽንም መርምሪ። የወንዝ ውኃ ስታጣሪ፣ ንጹሕ ውኃም በተመሳሳይ መንገድ አጣርተሽ አብረሽ አስመርምሪ። ከንጹሑ ውኃ የቀበሮ ዲኤንኤ ከወጣ ጥፋቱ የአሠራርሽ ነው። ከወንዙ ምንም ካልወጣ ደግሞ ቀበሮ የለም ለማለት አትቸኩዪ።

4. የአባትንም ዘር ጠይቂ። በባሌ የታወቁት ዲቃሎች ከሴት ቀበሮና ከወንድ ውሻ የተወለዱ ናቸው። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ እሱን ብቻ ካየሽ ዲቃላው ንጹሕ ቀበሮ መስሎ ያልፍሻል። የኒውክለሱንም ጨምሪ።

5. በምግቧ አትክሰሻት። የቀበሮዋ ዋና ምግብ ፍልፈልና አይጥ ነው። የበግ ዲኤንኤ ብታገኚ ገድላ ይሁን ጥንብ በልታ ናሙናው አይነግርሽም። እረኛው ፊት ያለ ማስረጃ «በግ ፈጀች» ካልሽ ግን ሞት ፈረድሽባት ማለት ነው።

6. የበሽታውን ጠባይ እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003–04 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2005–06 እና በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። የሁለቱም ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ አያገኘውም፤ አርኤንኤው ቶሎም ይበላሻል። የዲስተምፐር ቫይረስ ከዓይነ ምድር ሊገኝ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን የሚረጋገጠው ከሞተው እንስሳ አንጎል ነው። ስለዚህ «የሞተ ቀበሮ አየሁ» የሚል እረኛ ከመጣ፣ ማጣሪያሽን አስቀምጠሽ ተከተዪው።

7. ውጤቱን አታሳድሪ። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ በሽታው ደግሞ የጥናት ጽሑፍሽ እስኪታተም አይጠብቅም። ያገኘሽውን ከማንም በፊት ለፓርኩ ጠባቂዎችና የመንደሩን ውሾች ለሚከትቡት ንገሪ።