የናፍጣ መኪና በብርድ ጧት ለምን አልነሳም ይላል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ማለዳ በመሳለሚያ በኩል ብናልፍ የመኪና ሞተር ሲነሳ እንሰማለን። አንዳንዱ ወዲያው ይነሳል። አንዳንዱ ግን ጥቂት ያጓራና ጸጥ ይላል። እንደገና ቢሞክሩትም ወይ ፍንክች! ረዳቱ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ይቆጣል፤ ተሸካሚው ቆሞ ይጠብቃል።

የመሳለሚያ እህል በረንዳ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ እህል ለብዙ ዘመን ሲራገፍበት የኖረ ቦታ ነው። እህሉን የሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። መኪናው አልነሳም ካለ የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። እህል የጫነው ገበሬም ገበያው ያመልጠዋል። በየገጠሩ ያለው የናፍጣ ወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተርም ጠባዩ አንድ ነው። ስለዚህ ነገሩን “የሾፌር ጉዳይ ነው” ብለን አንተወው።

ናፍጣ በምን ይቀጣጠላል?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው ብልጭ ሲል ቤንዚኑ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል? ከአየር መጨመቅ ይመጣል።

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቶሎ ቶሎ ሲነፋ ፓምፑ ይግላል። አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ 20 እጥፍ ያህል ይጨመቃል። ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ናፍጣው በዚህ ትኩስ አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ በደንብ ሠርቶ የታየው በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ ነው።

ብርድ ይህን ሙቀት ይሻማል። የቀዘቀዘው ብረት የአየሩን ሙቀት ይወስዳል። የሞተሩ ዘይት ይወፍርና ሞተሩን ለማዞር ይከብዳል። ባትሪውም ይደክማል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሯ በባሕር ዳር ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሚጨመቀው አየር ሲያንስ ሙቀቱም ያንሳል። በጅቡቲ ወደብ ባንድ ጊዜ የተነሳ መኪና መሳለሚያ አድሮ ቢያስቸግር አያስገርምም።

መጀመሪያ በጆሮ እንስማ

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እንዴት ይዞራል? “ቀጭ” ብሎ ከቆመ፣ ወይም እንደ ደከመ በሬ ዝግ ብሎ ከዞረ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ነው። የባትሪው ማሰሪያዎች ላልተው፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ማሰሪያዎቹን እንፍታ። ስንፈታ የመቀነስ ምልክት ያለበትን እናስቀድም፤ ስናስር እሱን እናስከትል። በሙቅ ውሃ አጥበንና አድርቀን እናጥብቃቸው። ባትሪ አጠገብ ክብሪት አይጫርም፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ካልዞረ ሞተሪኖው ይመርመር። ቁልፉን ይዘን ደግሞ አንቆይ። 10 ሴኮንድ ያህል ሞክረን አንድ ደቂቃ እናሳርፈው። አለዚያ ባትሪው ይሞታል፤ ሞተሪኖውም ይቃጠላል።

ቀጥሎ ጭሱን እንይ

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ወደ ሞተሩ አልደረሰም ማለት ነው። ናፍጣ አለ ወይ? ፊልትሮው ተደፍኗል ወይ? ውሃ ገብቷል ወይ? ከፊልትሮው በታች የውሃ ማውጫ ካለ ከፍተን በዕቃ እንቀበለው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ሌላው ምክንያት አየር ነው። የናፍጣው መስመር የሆነ ቦታ ላልቶ እንደሆነ ሌሊት ናፍጣው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በቦታው አየር ይገባል። ያን ጊዜ በእጅ ፓምፑ አየሩ ይውጣ፤ የላላውም ይጥበቅ።

ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልነደደም። የጎደለው ሙቀት ነው። ብዙ ትንንሽ የናፍጣ መኪኖች ማሞቂያ ካንዴላ አላቸው። ሥራው ብልጭታ መስጠት አይደለም። እንደ ምጣድ ግሎ ቦታውን ያሞቃል። ቁልፉ በግማሽ ሲዞር የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል መብራት ይበራል። መብራቱ እስኪጠፋ ሳንጠብቅ አናስነሳ። ችኮላ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ከ4ቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች አንዱ ከተቃጠለ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሳና ሲሞቅ ይስተካከላል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ካልሠሩ ግን ፊውዙና የኤሌክትሪኩ መስመር ይታይ። አዲስ ለመግዛት ወደ ሱማሌ ተራ ስንሄድ የድሮውን ይዘን እንሂድ። ርዝመቱ፣ ጥርሱና ቮልቱ መመሳሰል አለበት። የረዘመ ካንዴላ ከፒስተን ጋር ይጋጫል።

ይህ ሁሉ ታይቶ መኪናው በየጧቱ ካስቸገረ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ። ሞተሩ አርጅቶ አየሩን መጭመቅ አቅቶት እንደሆነም መካኒክ በመሣሪያ ይለካው።

የማይደረግ ነገር

መኪና አልነሳም ሲል ከሞተሩ በታች እሳት የሚያነዱ አሉ። በአየር መሳቢያው በኩል የተቀጣጠለ ጨርቅ የሚያስጠጉም አሉ። ሞተር አካባቢ ዘይትና ናፍጣ ይንጠባጠባል። የተጫነው የዓመት ልፋት ነው። አንድ እሳት መኪናውንም፣ እህሉንም፣ ሰውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ናፍጣ ላይ ቤንዚን መቀላቀልም አደጋ ነው። በጣም በበረታ ብርድ ናፍጣ እንደ ቅቤ ይረጋል። የአዲስ አበባ ብርድ ግን እዚያ ድረስ ብዙም አይደርስም። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ የማስነሻ ጋዝ መንፋት ደግሞ ፍንዳታ ያመጣል፤ ፒስተን ይሰብራል።

መግፋትስ? ሞተሩ ያልተነሳ መኪና ፍሬኑ ይደክማል፤ መሪውም ይከብዳል። ሰው በሚተራመስበት መንገድ እህል የጫነ መኪና ቁልቁል መልቀቅ ሕይወትን በዕጣ መጣል ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አናሙቅ። ጭሱ መርዝ አለው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ብርዱ ሳይመጣ ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ይለወጥ። ማታ ታንከሩን ሞልተን ብናሳድር ባዶው ቦታ ስለሚያንስ በውስጡ ጤዛ አይበዛም። የተጠራቀመ ውሃ በየጊዜው ይውጣ። የባትሪው ማሰሪያ ይታይ። ሞተሩ ሲነሳም ወዲያው ነዳጅ አንርገጥ፤ ዘይቱ እስኪዳረስ ጥቂት እንታገሥ።

ይህን ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከመግፋትና እሳት ከማንደድ በፊት ጆሮንና ዓይንን ማስቀደም ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የናፍጣ ሞተር ያለ ብልጭታ እንዴት ይነሳል?
2. ጭስ ከሌለና ነጭ ጭስ ከወጣ ምን እንረዳለን?
3. በቀበሌያችን ያለው የወፍጮ ሞተር በብርድ ጧት ሲያስቸግር ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ትክክል ነው ወይ?

የቃላት ፍቺ

ካንዴላ፦ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ በመኪና ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ።
ሞተሪኖ፦ ከባትሪ ኃይል ወስዶ ሞተርን የሚያስነሳ ትንሽ ሞተር።
ፊልትሮ፦ ማጣሪያ።