መሮ፣ መዶሻና ድጅኖ፦ በኦፓል ዋሻ ውስጥ ዓይንንና ጣትን ለማዳን

በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ በወገልጤና ዙሪያ ባሉት ገደሎች ኦፓል ከተገኘበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወጣቶች ገደሉን ወደ ጎን እየፈለፈሉ ይገባሉ። ኦፓል ያዘለው ንብርብር ቀጭን ነው፤ ዕንቁውም በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ፈንጂ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሥራው በድጅኖ፣ በዶማ፣ በመሮና በመዶሻ ነው። ዋሻ ሲደረመስ አገር ይሰማል። መዶሻ የጨፈለቀውን ጣት፣ ከመሮ አናት በተፈናጠረ ብረት የጠፋውን ዓይን ግን ከቤተሰብና ከማኅበሩ አባላት በቀር የሚሰማው የለም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት ሊቀር ይችል ነበር፤ የሚቀረውም ዋሻው ውስጥ በሚደረግ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ከመግባት በፊት ደጃፉ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ መሣሪያው አንድ በአንድ ሲታይ ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር በተለይ ለማኅበራት መሪዎችና አዲስ ገቢዎችን ለሚያሠለጥኑ ነባር ቆፋሪዎች የቀረበ ነው።

መጀመሪያ፦ የመሮውን አናት ተመልከቱ

ከሁሉም በፊት ይህን አስቀድማለሁ፤ ዓይን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። መሮ በመዶሻ ሲደበደብ ሲደበደብ አናቱ ይጨፈለቃል፣ ጠርዙም ወደ ውጭ ተገልብጦ ከንፈር ያወጣል። ያ ከንፈር በየምቱ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ስንጥሩ ተገንጥሎ ይፈናጠራል፤ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያነሰ ቢሆንም የዓይንን ብሌን ሰንጥቆ ለመግባት ኃይል አያንሰውም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አናቱን በጣታችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ዙሪያውን ቃኙት። ከንፈር ማውጣት ከጀመረ ወደ ዋሻ አይገባም። በግሪንደር ወይም በሞረድ ከንፈሩ እስኪጠፋ ድረስ አስተካክሉት፤ ጠርዙንም በትንሹ ወደ ውስጥ አዘቅዝቃችሁ ሞርዱት። የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ እስከሚያልቅበት ድረስ ተቆርጦ ይጣል።

መሮ ስታሠሩም ለብረት ሠሪው ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት። ከፌሮ የተሠራ መሮ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ከንፈር ያወጣል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራው ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ግሎ ውኃ ውስጥ ከተነከረ አናቱም አብሮ ይጠነክርና ሲመታ ይሸረፋል። መጠንከር ያለበት ስለቱ ብቻ ነው፤ አናቱ ውኃ አይነካው። ርዝመቱ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ያጠረ መሮ እጅን ወደ መዶሻው ያስጠጋል። ካረጀ የመኪና ጎማ ክብ ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ መሐሉን በስታችሁ ከአናቱ ዝቅ ብሎ ብታስገቡት ደግሞ መዶሻ ሲስት ጣትን የሚከልል ጋሻ ይሆናችኋል። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥቅሙ ግን የሠራተኛ እጅ ነው።

ሁለተኛ፦ ዛቢያውን ፈትሹ

የመዶሻና የዶማ ዛቢያ ከደረቀ ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት፣ የእንጨቱ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሚሄድ ግንድ ይሠራ። ከመግባት በፊት ዛቢያውን በአንድ እጅ ይዛችሁ ብረቱን በሌላው ወዝውዙት። ትንሽም ቢነቃነቅ ሽብልቁ ይጥበቅ ወይም ይቀየር።

በየቦታው የማየው አንድ ልማድ አለ፤ የላላውን መዶሻ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማሳደር። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ጠዋት ጠብቆ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው የባሰ ይላላል፤ ያም የሚሆነው ቆፋሪው ዋሻ ውስጥ ሆኖ መዶሻውን ሲያነሣ ነው። የተሰነጠቀ ዛቢያን በሽቦ መጠቅለልም ያው ነው፦ ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ዛቢያው ይቀየር።

ሦስተኛ፦ ዓይንን ሸፍኑ

የብየዳ ጥቁር መነጽር ዋሻ ውስጥ አያሳይም፤ የፀሐይ መነጽር ደግሞ ራሱ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል። የሚፈለገው በግሪንደር የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት፣ ጎኑም የተሸፈነ ነጭ የፕላስቲክ መነጽር ነው። ቆፋሪዎች የሚያወልቁት በላብ ስለሚደበዝዝ ነው፤ ቅሬታቸውም እውነት ነው። ከመግባት በፊት የውስጡን ገጽ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አሽታችሁ በደረቅ ጨርቅ ብትወለውሉት ጉሙ ይቀንሳል።

መነጽር የሚያደርገው መቺው ብቻ አይደለም። ብርሃን የያዘውም፣ ድንጋይ የሚለቅመውም ያድርግ። ኦፓሉ ሲቃረብ ቆፋሪው ምቱን አሳንሶ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ያስጠጋል፤ መነጽር የሚወልቀውም «አሁን እኮ ትንሽ ነው» እየተባለ በዚያች ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ፊት ከመሮው በእጅ ርቀት ላይ ነው።

አራተኛ፦ ቦታ ያዙ፣ ከዚያ ምቱ

መብራቱን ከግንባራችሁ ላይ አስሩት፤ በእጅ ወይም በአፍ ከተያዘ አንድ እጅ ጎደለ ማለት ነው። ሌላ ሰው የሚያበራ ከሆነ ከምትመቱበት እጅ በተቃራኒ ወገን ይቁም፤ አለዚያ የክንዳችሁ ጥላ የመሮው አናት ላይ ያርፋል።

በጠባብ ዋሻ ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የሚመዝን፣ ዛቢያው አጠር ያለ መዶሻ ይበቃል። ከመጀመሪያው ምት በፊት መዶሻውን ቀስ ብላችሁ አንሡትና ክንዳችሁ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ይነካ እንደሆነ ሞክሩት። ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ከሸክላማ አፈር በላይ ስለሚገኝ እጅ በጭቃ ይሟልጫል፤ ደረቅ ጨርቅ ከወገባችሁ አይለይ።

አንዱ መሮ ይዞ ሌላው በትልቅ መዶሻ የሚመታ ከሆነ፣ ያዢው በባዶ እጁ አይያዝ፤ ረዥም ጉጠት ወይም ከወፍራም ሽቦ የተሠራ መያዣ ይጠቀም። «ምታ» እና «ቁም» የሚለውም ያዢው ብቻ ይሁን። መቺው ከራሱ ፈቃድ አንድም ምት አይጨምር። ጠንካራ ብረት በጠንካራ ብረት ሲመታ ስለሚሸረፍ፣ መዶሻን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

አምስተኛ፦ በድጅኖ የላላ ድንጋይ ማውረድ

ጣሪያውን በድጅኖ ጫፍ ኳ አድርጉት። ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው እንደ ባዶ ነገር ይደልቃል። ከመግቢያው ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ፤ ሁልጊዜም የተፈተሸ ጣሪያ ሥር ቆማችሁ ያልተፈተሸውን አውርዱ እንጂ በተቃራኒው አይሁን። ከኋላ ያለው መሸሻ ከአካፋና ከጆንያ የጸዳ ይሁን።

ዋናው ነገር አያያዙ ነው። ድጅኖውን ከሰውነታችሁ ጎን ያዙ፤ ጫፉን ብብት ሥር ወይም ሆድ ፊት አታድርጉ። ድንጋዩ ድንገት ሲለቅ ብረቱን እየገፋ ወይም በላዩ እየተንሸራተተ ወደ ያዢው ይመጣል፤ ሆድ የሚወጋው ያን ጊዜ ነው። ድጅኖው አጭር ከሆነ ቆፋሪው ከድንጋዩ ሥር ለመቆም ይገደዳል፤ ረዥም አምጡ ወይም ሥራውን ተዉት።

በገደሉ መንገድ መሣሪያ ተሸክሞ መውረድም የራሱ አደጋ አለው። በጆንያ አስራችሁ በገመድ አውርዱ፤ ከታች ሰው ስለሚኖር አትወርውሩ፣ ገደል አፍ ላይም አታስቀምጡ።

ጉዳት ከደረሰ

ብረት ወይም ድንጋይ ዓይን ወግቶ ከሆነ አትሹት፣ አትጠቡት፣ የተተከለ ነገር ካለም አትንቀሉት። የወረቀት ኩባያ ታች ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ ክደኑበት፣ በፕላስተር አጣብቁት፣ ሰውየውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ስለሚችል አትመግቡት። ሕመሙ ቢቀንስና ማየቱ ቢመለስ እንኳ ውስጥ የቀረ ብረት እያደር ዓይንን ያጠፋልና በዚያው ቀን ይወሰድ፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ያልተወጋ፣ አቧራ ብቻ የገባበት ዓይን ግን በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ለሚደማ ቁስል ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በኃይል ተጫኑ፤ እጁን ከልብ በላይ አንሡ። ቡና አትነስንሱበት፤ ደሙን ያቆመ ይመስላል፣ ቁስሉን ግን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም ማጠብ ይቸገራል። ጣት ሲጨፈለቅ ቀለበቱን ሳያብጥ አውልቁ። የተቆረጠ ጣት በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰር፤ ላስቲኩም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ጣቱ በቀጥታ በረዶ አይንካው። አፈር የነካው ቁስል ሁሉ ትንሽም ቢሆን መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላልና ክትባቱን ጠይቁ።

ጉዳት ያደረሰውን መሣሪያ አትጣሉት። ለይታችሁ አስቀምጡና በዚያው ምሽት ማኅበሩ ይየው፦ አናቱ ነው፣ ዛቢያው ነው ወይስ አያያዙ? ከዚያው ብረት ሠሪ፣ በአንድ ቀን የተሠሩ ሌሎች መሮዎች ካሉም ነገ ጠዋት ዋሻ ከመግባታቸው በፊት ሁሉም ይፈተሹ።