ሰማያዊውን ጫማ ለመግዛት ላሰብሽው ልጄ

ልጄ፣ ከምትሠሪበት ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትመለሺ በስልክሽ ያሳየሽኝ ሰማያዊ የቅርጫት ኳስ ጫማ ከዓይኔ አልጠፋም። ጫማ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝና አምሮትሽን አልነቅፍም። ገንዘብሽን ከመቁጠርሽ በፊት ግን ይህችን ስሚኝ።

1. መነሻውን እወቂ። ያሳየሽኝ ጫማ፣ ኤይር ጆርዳን 1፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን የሜዳ ጫማ ነበር፤ ጥቁርና ሰማያዊውም ያኔ የወጣ ነው። ከፍ ያለው አንገቱ ዘሎ የሚያርፍ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን እንዲደግፍለት ታስቦ የተሠራ ነው። ዛሬ ውበት የምንለው ያኔ አገልግሎት ነበር።

2. በሙያሽ ዓይን እዪው። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስንት የሰፈራችን ልጅ ስፌት ለምዷል። አንቺም የዘለለ ስፌት አይተሽ የማታልፊ ልጅ ነሽ። ሶሉን የከበበውን ስፌት በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጊው፤ ክር ከሆነ ብድግ ይላል፤ ጎማው ላይ የታተመ ሐሰተኛ ስፌት ከሆነ ንቅንቅ አይልም።

3. ቆዳውን ፈትሺ። የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቺ፤ ከሥሩ ጨርቅ ብቅ ካለ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ መሆኑ ነውር የለውም፤ የቆዳ ዋጋ ግን አትክፈዪበት። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ከተማ ሞጆ ጎረቤታችን ሆና እኛ በቆዳ ልንታለል አይገባም። ነጭ ጨርቅም አርጥበሽ ሰማያዊውን እሺው፤ ቀለም ከለቀቀ ካልሲሽም አይተርፍም።

4. አትርፌ እሸጠዋለሁ ብለሽ አትግዢ። አንድ ወጣት ለሠርጉ ብሎ ለዓመታት በካርቶን ያስቀመጠውን ጫማ ይዞልኝ መጣ። ገና ሳጥፈው ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ጫማ በመቀመጥም ያረጃል፤ አድርጊው።

5. ከአዳማ ፀሐይ ጠብቂው። አቧራውን መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፤ ከዚያ በለስላሳ ሳሙና እጠቢ። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ፀሐይ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ነጩን ጎማም ቢጫ ያደርገዋል።

6. የእቁብሽን ዕጣ አትንኪ። ከደመወዝሽ ጥቂት ጥቂት አስቀምጪና በራስሽ ቀን ግዢው።

ያን ጫማ እንዳንቺ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ሰፍቶታል። ስሙ የትም አልተጻፈም፤ ልፋቱ ግን ስፌቱ ላይ አለ። ዋጋ የምትከፍዪውም ለዚያ ይሁን። ስታገኚው ማሰሪያውን ሳታስገቢ ወደ እኔ አምጪው፤ አብረን ገልብጠን እናየዋለን።