በዘር የሚተላለፈው የኩላሊት ህመም፦ በርና በረኛው ሲለያዩ

በአንዳንድ ቤተሰብ አባት በኩላሊት ህመም ይሞታል፤ ከዓመታት በኋላ ልጁ ያንኑ ይታመማል። ሰዉም «ዓይን ነው» ወይም «የምንጠጣው ውኃ ነው» ይላል። በዚህ ወር ዓምዳችን ከእንዲህ ዓይነቱ ህመም አንዱን፣ ፖሊሲስቲክ የተባለውን፣ ኢንሻአላህ እንማራለን።

ህመሙ ምንድን ነው?

በዘር ከሚተላለፉ የኩላሊት ህመሞች በብዛት የሚታየው ይህ ነው። በሁለቱም ኩላሊቶች ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይበቅላሉ፤ ዓመት በዓመት እያደጉም ጤናማውን ክፍል ይጫኑታል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ 60 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል።

በርና በረኛው

በኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚያልፍባቸው እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የቱቦዎቹ ሴሎች ጸጉር መሰል ዘንግ አላቸው። በዘንጓ ላይ ሁለት ፕሮቲኖች ተያይዘው ይኖራሉ። ፖሊሲስቲን 2 እንደ ካልሲየም ያሉ አዮኖች የሚያልፉበት በር ሲሆን፣ ፖሊሲስቲን 1 በሩን የሚቆጣጠር በረኛ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሦስት ፖሊሲስቲን 2 ከአንድ ፖሊሲስቲን 1 ጋር እንደሚጣመሩ አሳይቷል።

የበረኛው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1994፣ የበሩ ደግሞ በ1996 ታወቀ። ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ጥምረቱ ይፈርሳል። የሴሉ የካልሲየም ሥርዓት ይዛባና ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይበዛል። ያን ጊዜ ሴሎቹ ያለልክ ይራባሉ። ሲኤፍቲአር የሚባል ሌላ በርም ተከፍቶ ክሎራይድ ወደ ከረጢቱ ያስገባል፤ ውኃም ክሎራይዱን ተከትሎ ይገባል፤ ከረጢቱም ያብጣል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ህመም የፈቀደችው ቶልቫፕታን ይህንኑ መልእክተኛ ይቀንሳል። ህመሙን ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ጉበትንም ሊጎዳ ስለሚችል ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል።

ማን ይመርመር?

ከወላጅ አንዱ ህመሙ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። ባልና ሚስት ዘመድ ባይሆኑም ይተላለፋል። ማንንም ጥፋተኛ አያሰኝም። በተፍኪም ይሁን በሰበታ የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ከታወቀበት አዋቂ ልጆችና ወንድም እህቶች ደም ግፊታቸውን ይለኩ፤ ሐኪም አማክረውም አልትራሳውንድ ይነሡ።

ይህ በተለይ ኩላሊት ለመለገስ ላሰበ ዘመድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲጀመር ከዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነበር። ለወንድሙ ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም ህመሙ በዘር ያለበት ቤተሰብ ውስጥ የ25 ዓመት ወጣት በአልትራሳውንድ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከረጢቶቹ ገና አልታዩ ይሆናል። ተጨማሪ ምርመራ ካልተደረገለት ሁለት ታማሚ ወንድማማቾች በአንድ አንድ ኩላሊት ሊቀሩ ይችላሉ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. ደም ግፊትን መቆጣጠር፦ ኩላሊትን ለማቆየት ከምናደርገው ሁሉ ዋነኛው ነው። «ተሻለኝ» ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ።

2. ጨው መቀነስ፦ በወጥ፣ በሾርባና በዳቦ ያለው ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን።

3. ማስታገሻ፦ ጎንዎን ሲያምዎት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስዎ አይግዙ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለፋርማሲ ባለሙያው ህመምዎን ይንገሩ፤ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።

4. ውኃ፦ ውኃ መጥማት ቫዞፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ይህም መልእክተኛውን ይጨምራል። ስለዚህ ውኃ ጥም አያቆዩ። ነገር ግን ብዙ ውኃ መጠጣት ከረጢቱን እንደሚያቆም አልተረጋገጠም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት።

5. ጾም፦ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ጾሙ እንደሚጎዳዎት ከተነገረዎት አላህ ለታማሚ የሰጠው ሩኽሳ አለ፤ የቀዷውን ወይም የፊድያውን ጉዳይ ዐሊም ይጠይቁ።

ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ከጎን ህመም ጋር ትኩሳት ካለዎት በቶሎ ይታዩ። ድንገተኛና ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ይህ ህመም የአንጎልን የደም ሥር ሊያሳብጥ ይችላል።

አላህ ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።