«እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ከማለታችን በፊት

 

ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ቡና ይዘው የተቀመጡ ወጣቶችን አስቡ። ጨዋታው ደምቋል። «ጉራጌ እኮ ብር ካየ እንቅልፍ የለውም»፣ «ዳውሮ ለጉልበት ሥራ ነው»፣ «የጅማ ልጅ ጫትና ቡና ካገኘ ሌላ አይፈልግም»። ሁሉም ይስቃል። አንዱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሲኒውን ያያል። እናቱ የም ናት። ቀጥሎ የሚመጣው ቀልድ በማን ላይ እንደሆነ ያውቀዋል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥም ስንዴ በሊታው የሰሜን ሰው «ደረቅና ግልፍተኛ»፣ ሩዝ በሊታው የደቡብ ሰው «ስሌተኛና ብልጣብልጥ» ይባላል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቃል ይጠቀለላል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የም ጎረቤታችን ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሳጃ ላይ አገሩን አቋርጠን እናልፋለን። ሕዝቡ ራሱን «የም» ይላል። የድሮ መጻሕፍትና ካርታዎች ግን «ጃንጀሮ» ብለው ጻፉት፤ ስሙ ከእንስሳ ስም ጋር ስለሚመሳሰልም መሳለቂያ ሆነ። ዳውሮም እንዲሁ በማይወደው «ኩሎ» በሚል ስም ሲጠራ ኖሯል።

«ስም ነው፣ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ በቡናና በማር ብቻ አልነበረም የታወቀው። ከከፋ፣ ከዳውሮና ከየም አገር የተያዙ ሰዎችም ይሸጡበት ነበር። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰውን እንደ ዕቃ ለመሸጥ መጀመሪያ በዓይንህ ማሳነስ አለብህ። የማሳነሻው መንገድ ደግሞ ስምና ቀልድ ነው። ገበያው ቀረ፤ ቀልዱ ግን እስከ ዛሬ ቡና ላይ አለ።

ሱረቱል ሑጁራትን ክፈቱና ከ11ኛው እስከ 13ኛው አንቀጽ ያለውን ቅደም ተከተል አስተውሉ። 11ኛው ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅና በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳንጠራራ ይከለክላል። 12ኛው መጥፎ ጥርጣሬን፣ ነውር መከታተልንና ሐሜትን ይከለክላል። 13ኛው በጎሳና በነገድ የተደረግነው እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የሚያስከብረውም ተቅዋ መሆኑን ይነግረናል። በሽታውም በዚሁ መንገድ ነው የሚያድገው፤ ቀልድ ይጀምራል፣ ጥርጣሬ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ መተዋወቅ ይቀራል። «እነሱን አውቃቸዋለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ለማወቅ አይጠይቅም።

«ግን እውነት ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ጥያቄ ተጠይቀዋል። ወንድምህ የሚጠላውን ነገር ስታነሳ እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ውሸት ከሆነ ደግሞ ቅጥፈት መሆኑን አስተምረዋል። ሁለቱም በር ተዘግቷል። አንድን ሕዝብ በጅምላ ስታነሳማ ይቅርታ የምትጠይቀው ማንን ነው?

አቡ ዘር (ረ.ዐ) ታላቅ ሶሓባ ናቸው። አንድ ቀን ግን አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂሊያ ርዝራዥ እንዳለባቸው ነገሯቸው፤ በእጃችን ሥር ያሉትም ወንድሞቻችን ስለሆኑ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው አዘዙ። በኋላ አቡ ዘርን ያገኟቸው ሰው እሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው ያዩአቸው። ተውባቸው በምላስ ብቻ አልቀረም፤ ልብሳቸው ላይ ታየ።

የእኛስ ተውባ የት ይታይ?

🔹 ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም እንጥራ።
🔹 ቀልዱ ሲጀመር አንሳቅ። የሚስቅለት ያጣ ቀልድ ይሞታል።
🔹 ለቡና ለቀማ ከሩቅ የመጣውን ሠራተኛ ከምንበላው እናብላው፤ ስሙንና አገሩን እንጠይቀው።
🔹 ለትዳር ጠያቂ ሲመጣ «ከየት ነው?» ከማለታችን በፊት ዲኑንና አኽላቁን እንጠይቅ።

ዛሬ ሶፍ ላይ ትከሻህ የነካው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅክም። ኢማሙ «ሶፋችሁን አስተካክሉ» ሲል ተጠጋኸው እንጂ። ከመስጂድ ወጥተህ ቡናው ጋ ስትቀመጥም አትራቀው።

አላህ ምላሳችንን ከማነወር፣ ልባችንን ከኩራት ይጠብቅልን። አሚን!