እፉኝት በልጆቿ ትሞታለችን?

በዚህ ጽሑፋችን ስለ እፉኝት ጠባይና አወላለድ ጥቂት እናቀርባለን። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰሊጥ ሲደርስ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአካባቢያቸው ብዙ ወጣቶች ለአጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። በደጋ ያደገ ልጅ ስለ እፉኝት የሚያውቀው በአብዛኛው በተረት የሰማውን ነው። ተረቱም ሁለት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛው፣ እፉኝት ሰውን አሳድዳ ትነድፋለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቿ ሆዷን ቀድደው ስለሚወጡ እናቲቱ ስትወልድ ትሞታለች የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይልቁንም የመጀመሪያው ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከሩቅ የምትመጣበትን የሚጠብቅ ሰው ከእግሩ ሥር የተኛችውን አያይምና።

ሀ/ የት ትገኛለች?

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲባል የሊማሊሞ ገደል ይጀምራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ በዚሁ ገደል ወርዶ ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ ያመራል። መንገደኛው ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ተነሥቶ ቀትር ሳይሆን ላብ ያጠምቀዋል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ቁልቁል በወረድን መጠን የእባቡም ዓይነት ይበዛል። የሰሜን ተራሮች ውርጭ የማይስማማት እፉኝት ከታች በሣሩ፣ በቁጥቋጦውና በማሳው ዳር ይመቻታል።

የእፉኝት ወገን ብዙ ነው። በስፋት የምትታወቀው በሳይንስ ስሟ ቢቲስ አሪየታንስ የምትባለው ስትሆን፣ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ትኖራለች። የምንጽፈውም በተለይ ስለ እርሷ ነው። ከእርሷ ሌላ በአገራችን ብቻ የሚገኙ ሁለት እፉኝቶች አሉ። አንደኛዋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምትኖረው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ ናት፤ ለሳይንስ የተገለጸችውም እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሁለተኛዋ ስሟን ከባሌ ሐረና ደን ያገኘችው ቢቲስ ሐረና ስትሆን፣ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሩቅ ዘመዳቸው የሆነች፣ በራሷ ቀለም ምክንያት “መዳብ ራስ” የምትባል እባብም በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል አለች። እርሷም እንደ እኛይቱ በረገፈ ቅጠል መካከል አድፍጣ ታድናለች፤ ሕያዋን ልጆችም ትወልዳለች።

ለ/ ጠባይዋ

እፉኝት ወፍራምና ደንዳና ናት። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው። ራሷ ሰፊ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ ሲሆን፣ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያሉ ቅስቶች ተደርድረው ይታያሉ። ቀለሟ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል ቆሞ ለሚያያት እንኳ አትለይም። ስትሄድ ብዙ ጊዜ እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብላ፣ በሆዷ ቅርፊት መሬቱን እየቆነጠጠች በዝግታ ትሳባለች። እንግዲህ ሰውን ማሳደድ የእርሷ ሙያ አይደለም።

ሙያዋ ማድፈጥ ነው። አይጥ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ተጋድማ ምግቧ እስኪመጣላት ድረስ ለረጅም ጊዜ ትጠብቃለች። አይጥ፣ ወፍ፣ እንቁራሪትና እንሽላሊት ትበላለች። አንድ ጊዜ ከጠገበች ለብዙ ቀናት ያለ ምግብ መቆየት ትችላለች። በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ሽታን እንዲለዩ የሠለጠኑ ውሾች እንኳ ያደፈጠችውን እፉኝት በሽታዋ ለይተው ሊያገኟት አልቻሉም። ውሻ ያላገኛትን እኛ በጨለማ በባዶ እግራችን እናገኛታለን ማለት ነው!

ሌሎች ብዙ እባቦች የእግር ኮቴ ንዝረት ሲደርሳቸው ይሸሻሉ። እፉኝት ግን መደበቋን ተማምና ባለችበት ትቆያለች። በጣም ሲቀርቧት ሰውነቷን ነፍታ እንደ ወናፍ ትተነፍሳለች። ይህ ድምፅ “አትቅረቡኝ” ማለቷ ነው። ሁልጊዜ ግን አታስጠነቅቅም። ከረገጧት ወይም በእጅ ከነኳት በቅጽበት ትነድፋለች። ረጃጅሞቹ የመርዝ ጥርሶቿ በላይኛው መንጋጋዋ ፊት ለፊት ታጥፈው ይቀመጣሉ፤ አፏን ስትከፍት ወደ ፊት ይቀናሉ።

ሐ/ አወላለዷ

አሁን ወደ አርእስታችን እንመለስ። እፉኝት በልጆቿ ትሞታለች የሚለው ነገር የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፎታል። እንደ እርሱ አባባል ሴቲቱ ወንዱን አንገቱን ነክሳ ትገድላለች፤ ልጆቹም የአባታቸውን ደም ለመበቀል የእናታቸውን ሆድ በልተው ይወጣሉ። ተመሳሳይ ታሪክ ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተተረጎመው ፊሳልጎስ በሚባለው መጽሐፍም ይገኛል። ከዚያም በቃል እየተላለፈ በየቤታችን ገብቷል።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ከእባብ ወገን ብዙዎቹ እንቁላል ይጥላሉ። እፉኝት ግን እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ትቆያለች። ፀሐይ ስትፈልግ ወደ ፀሐይ፣ ጥላ ስትፈልግ ወደ ጥላ ስለምትሄድ፣ በሆዷ ያሉት ልጆች ተስማሚ ሙቀት አያጡም። ጊዜው ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ በስስ ሽፋን እንደ ተጠቀለለ በተፈጥሮው መንገድ ይወለዳል። ልጆቹ የሚቀድዱት ይህንኑ ስስ ሽፋን እንጂ የእናታቸውን ሆድ አይደለም። እናቲቱም በሕይወት ትኖራለች፤ ቆይታም ደግማ ትወልዳለች።

በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ይደርሳሉ። በቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ በአሁኗ ቼክ አገር፣ በአንድ የእንስሳት ማቆያ የነበረች ከኬንያ የመጣች እፉኝት 156 ልጆች መውለዷ ተመዝግቧል። የተወለዱት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አላቸው። እናታቸው አታጠባም፣ አትመግብም፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው ራሳቸውን ይችላሉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ይጥላሉ፤ ከዚያም እያደጉ በሄዱ ቁጥር ቆዳ ይለውጣሉ። ብዙዎቹ ሳያድጉ የአሞራና የሌሎች አራዊት ምግብ ይሆናሉ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ሲወለዱ ጀምሮ መርዝ ያላቸው መሆኑን ነው። ትንሽ ናት ብሎ በእጅ ማንሣት ወይም በእንጨት መጫወት ከትልቋ ጋር ከመጫወት አይለይም።

መ/ መጠንቀቂያውና እርዳታው

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር መድቦታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በዚሁ ይሞታሉ። አብዛኞቹም ገበሬዎች፣ እረኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። በአገራችንም ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራና ወደ አብደራፊ የሚወርደው የሰሊጥ ሠራተኛ በሜዳ ስለሚያድር፣ ነዶም በእጁ ስለሚያነሣ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

የእፉኝት መርዝ በተለይ ሥጋን ይጎዳል። የተነደፈው ቦታ ክፉኛ ያማል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ሕክምና ካልተደረገለትም ሥጋው ሊሞትና እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ጠባይዋን ካወቅን ግን መጠንቀቂያው ከዚያው ይገኛል። አትሸሽምና፣ ሽፍን ጫማ እናድርግ። አትታይምና፣ በሌሊት ያለ ባትሪ አንሂድ። በነዶና በድንጋይ ሥር ታደፍጣለችና፣ አስቀድመን በእንጨት ሳንነካካ እጃችንን አንስደድ። አይጥ ትከተላለችና፣ እህልና ፍርፋሪ ከመኝታችን እናርቅ፤ ከተቻለም ከመሬት ከፍ ብለን እንተኛ።

ሰው ቢነደፍ ከእባቡ ማራቅና ማረጋጋት ይገባል። ቀለበት፣ አምባርና ጫማ እብጠቱ ሳይበረታ ይውለቁ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ከዚያም ሰውየውን ሳያስኬዱ፣ በቃሬዛም ሆነ በመኪና ተሸክሞ ፀረ መርዝ ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ መድኃኒት ነው ተብሎ ቅጠል መጠቅጠቅ ጉዳቱን ያብሳሉ። በተለይ ጠፍሮ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ስለሚከለክል መርዙ የጀመረውን ጥፋት ይጨርሳል። እባቡን ለመግደል መሯሯጥም ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል። ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ በሽተኛውን ተሸክመው እየሮጡም መጸለይ ይቻላል።

ሠ/ ማጠቃለያ

መጥምቁ ዮሐንስ ፈሪሳውያንን የእፉኝት ልጆች ብሎ እንደ ገሠጻቸው ሁላችንም እናውቃለን። ተረቱ ውድቅ ቢሆን ተግሣጹ አይወድቅም፤ እፉኝት ጸጥ ብላ መርዝ የምትይዝ መሆኗ እውነት ነውና። እኛ ወጣቶች ግን ተረቱን ለጨዋታ፣ እውነቱን ለመንገድ ልንለይ ይገባናል። እፉኝት ትሞታለች ብለን ብንጽናና እርሷ በማሳው ዳር አለች፤ አይጥ እየበላች ለገበሬውም ትጠቅማለች። እንግዲህ በዚህ ዓመት ወደ ቆላ የሚወርድ ወንድም ያላችሁ ሁሉ፣ ከስንቁ ጋር ይህን ትምህርት አስይዙት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. እፉኝት ከብዙዎቹ እባቦች በምን በምን ትለያለች?
2. ልጆቿ ሲወለዱ የሚቀድዱት ምንድን ነው?
3. በምትኖሩበት ሰፈር ለተነደፈ ሰው የሚደረገው ምንድን ነው? የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛውስ ይጎዳል?
4. ከቀበሌያችሁ ፀረ መርዝ የሚገኝበት ሐኪም ቤት የትኛው ነው? ጠይቃችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።